የሶንድሬ ኖርሄይም ታሪክ፤ በበረዶ ቍልቍለት የሮጠው ጭሰኛ

ሰው በዓለም ላይ ስሙ የሚጠራበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ በጦር ሜዳ ድል ስላደረገ ይጠራል፤ አንዱ አገር ስለ ገዛ፥ አንዱም መጽሐፍ ስለ ጻፈ ይጠራል። አሁን ታሪኩን የምናነበው ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም አላደረገም። የራሱ መሬት የሌለው ጭሰኛ ነበረ፤ በድኽነት ተወልዶ በድኽነት ኖረ፤ ከሞተም በኋላ ወደ 70 ዓመት ያህል መቃብሩ ምልክት ሳይቆምበት ቆየ። ነገር ግን በበረዶ ላይ ቍልቍል መውረድን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለ ተማረ፥ የተማረውንም ሳይሰስት ለሌሎች ስለ ሰጠ፥ ዛሬ በብዙ አገር ይታወቃል። ስሙ ሶንድሬ ኖርሄይም ነው። በዚህ ታሪክ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ አገሩ

ኖርዌይ በአውሮጳ ሰሜን ጫፍ ያለች አገር ናት። ተራራዋ ብዙ ነው፤ ባሕሩም በተራራው መካከል እንደ ወንዝ እየገባ ሸለቆውን ይሞላዋል። በእኛ አገር ክረምት ማለት የዝናብ ወራት ነው፤ በዚያ አገር ግን ክረምት ማለት የብርድ ወራት ነው። በዚያ ጊዜ ቀኑ ያጥራል፥ ሌሊቱ ይረዝማል፤ የሐይቁ ውሃ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከሰማይም በዝናብ ፈንታ በረዶ ይወርዳል። ይህ በረዶ በእኛ አገር እንደሚወርደው እንደ ጠጠር የጠነከረ አይደለም፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስላሳ ሆኖ፥ ድምፅ ሳያሰማ፥ ቀንና ሌሊት ይወርዳል። በስሜን ተራራ ጫፍ ላይ የወጣ ሰው አንዳንድ ጊዜ ምድሩ ነጭ ሆኖ ያያል፤ በኖርዌይ ግን ተራራውም ሸለቆውም፥ መንገዱም አጥሩም ብዙ ወራት በዚህ ነጭ ልብስ ተሸፍኖ ይቆያል።

በእንዲህ ያለ በረዶ ላይ በባዶ ጫማው የሚሄድ ሰው እስከ ጕልበቱ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ወገቡ ይሰጥማል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ስኪ የሚባል መሣሪያ ሠሩ። ስኪ ማለት ረጅምና ጠባብ ሳንቃ ነው፤ ጫፉ በረዶውን እንዳይወጋ ወደ ላይ የቆለመመ ነው። ሰው በእያንዳንዱ እግሩ አንድ አንድ ስኪ አስሮ ሲቆም ክብደቱ በረጅሙ ሳንቃ ላይ ስለሚከፋፈል አይሰጥምም። በሜዳ ላይ እየገፋ ይሄዳል፤ በቍልቍለት ላይ ግን ሳንቃው ራሱ እንደ ፈረስ ይዞት ይሮጣል። በኖርዌይ አገር ከ4000 ዓመት በፊት በዓለት ላይ የተቀረጸ፥ በስኪ የቆመ ሰው ምስል ተገኝቷል። ለዚያ አገር ገበሬ ስኪ በመጀመሪያ ጨዋታ አልነበረም፤ እንደ በቅሎ ያለ ነገር ነበረ። እንጨት ለማምጣት፥ አውሬ ለማደን፥ ጎረቤት ለመጠየቅ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ለመድረስ በእርሱ ይሄዱ ነበር።

2ኛ፤ ስለ ልጅነቱ

በኖርዌይ ደቡብ ቴሌማርክ የሚባል አውራጃ አለ፤ በቴሌማርክም ውስጥ ሞርጌዳል የምትባል የተራራ ሸለቆ አለች። ሶንድሬ በዚህች ሸለቆ ኤቨርቦ በሚባል ስፍራ በ1825 ዓመት በሰኔ ወር ተወለደ። አባቱ አውቨር ይባል ነበር፤ በዚያን ጊዜ የኖርዌይ ባላገሮች እንደ እኛ በአባታቸው ስም ይጠሩ ስለ ነበረ ልጁም ሶንድሬ አውቨርሶን ተባለ፤ ይህም የአውቨር ልጅ ሶንድሬ ማለት ነው። ኖርሄይም የተባለው በኋላ ከኖረበት የእርሻ ስፍራ ስም ነው።

የተወለደባት ቤት በተራራው ጎን የተሠራች፥ ከእንጨት የተዋቀረች ትንሽ ጎጆ ናት። ወላጆቹ ጭሰኞች ነበሩ። የዚያ አገር ጭሰኛ ከባለ መሬቱ ላይ ትንሽ ጎጆና ጥቂት ማሳ ይቀበላል፤ በዚያም ፈንታ ለባለ መሬቱ በጕልበቱ ይሠራል። የሚያርሰው መሬት የእርሱ አይደለም፤ ለልጁም የሚያወርሰው ርስት የለውም። ሶንድሬም የወረሰው ነገር ቢኖር የተራራው ቍልቍለትና በየዓመቱ የሚወርደው በረዶ ብቻ ነበረ።

ነገር ግን ልጁ ይህን ርስት እንደ ትንሽ አልቈጠረውም። ከቤቱ ደጅ ሲወጣ ቍልቍለቱ ከእግሩ ሥር ይጀምር ነበር። መሄድ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ በስኪ ላይ ይቆም ነበር፤ ሲወድቅ ይነሣል፥ ተነሥቶም እንደ ገና ወደ ላይ ይወጣል። የአገሩ ሰዎች እንደሚናገሩት ከቤት ጣራ ላይ እንኳ በስኪ እየዘለለ ይወርድ ነበር። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዳሉት፥ ዛሬ ከአንዲት ትንሽ ጕብታ የዘለለው ልጅ በሚመጣው ዓመት ከዓለት ላይ ዘለለ። እንዲህ እያለ የበረዶውን ጠባይ ሁሉ አወቀ፤ አዲስ የወረደውን ከቆየው፥ እርጥቡን ከደረቁ፥ የሚያሰጥመውንም ከሚያንሸራትተው በእግሩ ለይቶ የሚያውቅ ሆነ።

3ኛ፤ ስለ ስኪው ማሰሪያ

በዚያ ዘመን የነበረው ስኪ ለሜዳ መንገድ የተመቸ ነበረ፤ ለቍልቍለት ግን አይመችም ነበር። የዚህም ምክንያት ማሰሪያው ነው። እግር ከስኪው ጋር የሚያያዘው በጣቶቹ ላይ በሚያልፍ አንድ ጠፍር ብቻ ነበረ፤ ተረከዙ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ሰውየው ወደ ቀኝ ልዙር ሲል እግሩ ይዞራል፥ ስኪው ግን ወደ ፊት ይሄዳል፤ የዘለለም እንደ ሆነ ስኪው ከእግሩ ወልቆ ብቻውን ገደል ይገባል። ከዚህም የተነሣ ሰዎች ቍልቍለት ሲወርዱ ረጅም ዘንግ በእጃቸው ይዘው፥ በዘንጉ ላይ ተደግፈው፥ በረዶውን እየጫሩ ሩጫውን ያበርዱት ነበር።

ሶንድሬ የእጅ ሥራ የሚያውቅ፥ ስኪውንም ራሱ የሚጠርብ ሰው ነበረ። ማሰሪያው የጎደለው ነገር ምን እንደ ሆነ በውድቀቱ ስለ ተማረ፥ ለማሻሻል ተነሣ። የዛፍ ቀጭን ሥርና ለጋ ቅርንጫፍ እንደ መጫኛ ጠመዘዘ፤ የተጠመዘዘውንም ከጣቱ ማሰሪያ ጀምሮ በተረከዙ ዙሪያ አዞረው። እንዲህ የታሰረ እግር ሁለት ጥቅም አገኘ። ተረከዙ ወደ ላይ ሊነሣ ስለሚችል ሰውየው እንደ ልቡ ይራመዳል፤ ማሰሪያውም እግሩን አጥብቆ ስለሚይዝ ስኪው አይወልቅም፥ እግሩ ወደ ዞረበትም ይዞራል። ከዚህም ሌላ ስኪውን ከቀድሞው አሳጠረው፤ መካከሉንም ከፊቱና ከኋላው ይልቅ አቀጠነው። ወገቡ የቀጠነ ስኪ በጎኑ ጋደል ባለ ጊዜ ጠርዙ በበረዶው ላይ ቅስት ይሠራል፤ ስለዚህ ለመዞር ብዙ ጕልበት አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ ሶንድሬ ብቻውን ከምንም አንሥቶ ፈጠረው ማለት አይገባም። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎችም ተረከዝን ለማሰር ሞክረው ነበር፤ የአባቶቹም ጥበብ በእጁ ነበረ። ነገር ግን ሌሎች ጀምረው የተዉትን እርሱ ፈጸመው፤ ደግሞም በፊቱ ቆመው የሚያዩ ሁሉ ጥቅሙን እንዲረዱ አድርጎ በሥራ አሳየ። ብዙ መልካም ነገር በዓለም ላይ የተገኘው እንዲህ ነው፤ አንዱ ያስባል፥ ሁለተኛው ይሞክራል፥ ሦስተኛው ይፈጽማል።

4ኛ፤ ስለ ቍልቍለቱ ጥበብ

ማሰሪያው ከተገኘ በኋላ ሶንድሬ ዘንጉን ተወው። በቍልቍለት የሚሮጥ ሰው ዘንግ ሳይደገፍ እንዴት ሊቆም ይችላል ቢባል፥ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው መንገድ ይህ ነው፤ አንዱን ስኪ ወደ ፊት ያስቀድማል፥ የሁለተኛውን እግር ተረከዝ አንሥቶ ጕልበቱን እንደሚሰግድ ሰው ሸብረክ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ስኪዎች እንደ አንድ ረጅም ቅስት ሆነው ቀስ ብለው ይዞራሉ። ይህም አዟዟር በአውራጃው ስም ቴሌማርክ ተባለ። ሁለተኛው መንገድ ሁለቱን ስኪ አጠጋግቶ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ማጋደል ነው፤ ያን ጊዜ በረዶው እንደ አቧራ ይነሣል፥ ሰውየውም ወዲያው ይቆማል። ይህም በዋና ከተማው ስም ክሪስቲያንያ ተባለ። እነዚህን አዟዟሮች የሚያውቅ ሰው ከዛፍና ከድንጋይ መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከከፍታ ዘልሎም ሲያርፍ ጕልበቱን ሸብረክ ስለሚያደርግ አይወድቅም።

የሞርጌዳል ጐበዛዝትና ልጆች በበዓል ቀን ተሰብስበው ይወዳደሩ ነበር። የሚወርዱበትንም መንገድ እንደ ችግሩ መጠን እየለዩ ስም አወጡለት። በእነርሱ ቋንቋ ስላ ማለት ዘቅዘቅ ያለ መሬት ነው፥ ሎም ማለትም ስኪ በበረዶ ላይ የሚተወው ፋና ነው። ከሁለቱ ቃላት ስላሎም የሚል ቃል ወጣ። ይህ የባላገር ቃል ዛሬ በዓለም ሁሉ በምሰሶዎች መካከል እየተጠማዘዙ ለሚወዳደሩበት የስኪ ሩጫ ስም ሆኗል። በከተማ የተማሩ ሰዎች ያወጡት ስም አይደለም፤ በተራራ ላይ የሚጫወቱ የድኾች ልጆች ያወጡት ነው።

5ኛ፤ ወደ ከተማ ስለ መሄዱ

የዛሬው የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ በዚያን ጊዜ ክሪስቲያንያ ትባል ነበር፤ ኦስሎ ወደሚለው ስሟ የተመለሰችው በ1925 ዓመት ነው። በክሪስቲያንያ የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርት እንዲስፋፋ የሚሠራ ማኅበር ነበረ። ይህ ማኅበር በ1868 ዓመት በየካቲት ወር የአገሩ የስኪ አዋቂዎች በከተማው ተገናኝተው እንዲወዳደሩ አደረገ።

ሶንድሬ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 42 ዓመት ነበረ፤ ሚስትና ልጆችም ነበሩት። በዚህ ዕድሜ ከወጣቶች ጋር ልወዳደር ማለት ለብዙ ሰው የሚያሳፍር ይመስለዋል። ከሞርጌዳል እስከ ክሪስቲያንያም ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ድኻ ነውና ሠረገላ ሊከራይ አልቻለም። ስለዚህ ከጓደኞቹ ጋር ስኪውን በእግሩ አስሮ፥ ተራራውን እየወጣ ሸለቆውን እየወረደ፥ በሦስት ቀን ከተማው ደረሰ። ሌሎች ለውድድሩ ዐርፈው ሲጠብቁ እርሱ ኃይሉን በመንገድ ላይ አፍስሶ መጣ።

የከተማው ሰው በውድድሩ ቀን ለማየት ተሰበሰበ። የከተማው ወጣቶች እንደ ቀድሞው ልማድ ዘንግ እየያዙ፥ በዘንጉም እየተደገፉ ወረዱ። የሶንድሬም ተራ በደረሰ ጊዜ ከቍልቍለቱ ራስ ላይ ቆመ፤ በእጁ ዘንግ አልነበረም። ከዚያም ተለቀቀ፤ ለዝላይ ከተዘጋጀው ስፍራ እንደ ወፍ ወደ አየር ተነሥቶ፥ ሲያርፍ ጕልበቱን ሸብረክ አድርጎ፥ ወደ ታች በደረሰም ጊዜ በአንድ አዟዟር ጸጥ ብሎ ቆመ። ያዩት ሁሉ ተደነቁ፤ ስኪ እንዲህ ሊታዘዝ እንደሚችል ከዚያ በፊት አላወቁም ነበርና። ዳኞቹም አንደኛውን ሽልማት ለ42 ዓመቱ የቴሌማርክ ጭሰኛ ሰጡት።

ልጆች ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ በሉ። በዚያ ቀን ያሸነፈው ጕልበት ብቻ አይደለም፤ ጕልበትማ በወጣቶቹ ዘንድ ይበዛ ነበር። ያሸነፈው 40 ዓመት ያህል ሰው ሳያየው በተራራ ላይ ሲወድቅና ሲነሣ የተማረው ትምህርት ነው። የከተማው ሰው ያየው ከአንድ ደቂቃ የማይበልጠውን ፍጻሜ ብቻ ነበረ።

6ኛ፤ ስላስተማራቸው ሰዎች

ሶንድሬ ከድሉ በኋላ ወደ መንደሩ ተመለሰ። የማሰሪያውን ጥበብ ደብቆ ብቻውን ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ነገር ግን አልደበቀም። የመንደሩን ልጆች ማሰሪያ እንዴት እንደሚጠመዘዝ፥ ስኪ እንዴት እንደሚጠረብ፥ ጕልበት እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳያቸው ነበር።

ከዚያች ሸለቆ ከተነሡት ወጣቶች መካከል ቶርዩስ ሄመስትቬይትና ሚኬል ሄመስትቬይት የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ነበሩ። እነዚህ ወንድማማች ወደ ክሪስቲያንያ ሄደው በ1881 ዓመት ለከተማው ሰዎች ስኪ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ይህም በዓለም የመጀመሪያው የስኪ ትምህርት ቤት ነው ይባላል። በኋላም ሁለቱ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ሚኬልም በ1887 ዓመት ሬድ ዊንግ በምትባል የሚኔሶታ ከተማ በተደረገው ውድድር አሸነፈ። እንዲህም በሞርጌዳል የተጀመረው ጥበብ ከአፍ ወደ አፍ ሳይሆን ከእግር ወደ እግር እየተላለፈ ባሕር ተሻገረ።

ሶንድሬ ግን ድኻ እንደ ሆነ ቀረ። የሚስቱ ስም ራኔ ነበረ፤ ከእርስዋም ጋር ከአንድ ጭሰኛ ጎጆ ወደ ሌላ ጎጆ እየተዛወረ ኖረ። ከእርሻው ይልቅ ስኪውን ይወድዳል እየተባለም ይወራበት ነበር። ይህ ወሬ ከባድ ጥያቄ ያመጣል፤ እንግዲህ ይህ ሰው ዘመኑን በጨዋታ ያጠፋ ሰነፍ ነበረን? ጥያቄውን ሳንመረምር ማለፍ አይገባንም።

እውነት ነው፤ ጨዋታ እንጀራ አይሆንም፤ የቤተ ሰቡን ጉሮሮ ረስቶ የሚጫወት ሰውም አይመሰገንም። ሶንድሬም ስኪውን እንጀራ ሊያደርገው አልቻለም። ዛሬ በበረዶ ቍልቍለት መሮጥን ሥራቸው አድርገው በደመወዝና በሽልማት የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ይወርዳሉ፥ ሐኪምና አስተማሪም ይከተላቸዋል። በሶንድሬ ዘመን ግን እንዲህ ያለ ሥራ አልነበረም። ነገር ግን ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለም። ጊዜን የሚበላ ጨዋታ አለ፤ ከእርሱም በኋላ ምንም አይቀርም። እጅን የሚያስተምር፥ መሣሪያን የሚያሻሽል፥ ፍርሃትን የሚያርቅ ጨዋታም አለ፤ ከእርሱ በኋላ ጥበብ ይቀራል። በበረዶ የተያዘ አገር ሰው ያለ ስጋት ተራራውን እንዲወርድ ያስቻለ ሰው ሥራ ፈት ነበረ ሊባል አይችልም።

7ኛ፤ ስለ ስደቱ

ሶንድሬ በተወለደበት በ1825 ዓመት አንዲት ትንሽ መርከብ 52 መንገደኞች ይዛ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ ተነሥታ ነበር። እነዚህ መንገደኞች የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ከእነርሱም በኋላ በ100 ዓመት ውስጥ ወደ 800000 የሚሆኑ ኖርዌያውያን አገራቸውን ለቀው ሄዱ። ምክንያቱም የሚታረስ መሬት በኖርዌይ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። አሜሪካ ግን በ1862 ዓመት ባወጣችው ሕግ፥ መጥቶ ለሚያለማ ሰው 160 ኤከር መሬት ትሰጥ ነበር፤ ይህም በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል በጥቂት ይበልጣል። ዕድሜውን ሁሉ በሰው መሬት ላይ ለኖረ ጭሰኛ ይህ ትልቅ ተስፋ ነበረ።

ሶንድሬም በ1884 ዓመት በግንቦት ወር መጨረሻ፥ 59 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ ከራኔና ከልጆቹ ጋር አገሩን ተሰናበተ። በዚህ ዕድሜ ሌላው ሰው ልጆቹ እንዲጦሩት ይጠብቃል፤ እርሱ ግን እንደ አዲስ ጎጆ ወጪ ሊጀምር ሄደ። ከአገሩ ሲወጣ ያወቀውን ተራራ ሁሉ በኋላው ተወ።

አስቀድሞ በሚኔሶታ ተቀመጠ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ አልፎ ዛሬ ሰሜን ዳኮታ ወደሚባለው አገር ሄደ። ያ አገር ብርድና በረዶ አለው፤ ተራራ ግን የለውም። ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ብቻ ነው። እንጨትም ጥቂት ስለ ሆነ የዚያ ዘመን ሰፋሪዎች አፈሩን ከነሣሩ እንደ ጡብ እየቈረጡ፥ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደሩ ቤት ይሠሩ ነበር። ሶንድሬም እንዲሁ አደረገ። በዓለም ላይ ቍልቍለት መውረድን ከሁሉ አብልጦ ያወቀ ሰው ቍልቍለት በሌለበት አገር ሽማግሌ ሆነ። ነገር ግን ስኪውን አልጣለም፤ በበሩ አጠገብ አቁሞት ይኖር ነበር ይባላል።

በ1897 ዓመት በመጋቢት ወር በ71 ዓመቱ ዐረፈ። የአገሩ ስደተኞች በዴንቢ መንደር አጠገብ በሠሯት ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ተቀበረ። በመቃብሩ ላይ ስሙን የሚናገር ድንጋይ አልቆመም፤ በዚያ ሜዳም በረዶ በየዓመቱ ያለ ምልክት ይሸፍነው ነበር።

8ኛ፤ ከሞተ በኋላ ስለ ሆነው ነገር

ሶንድሬ ሞተ፤ ሥራው ግን አልሞተም። እርሱ ገና በሕይወት ሳለ በ1888 ዓመት ፍሪትዮፍ ናንሰን የሚባል ኖርዌያዊ ከጓደኞቹ ጋር ግሪንላንድ የምትባለውን የበረዶ ደሴት በስኪ አቋርጦ ነበር፤ ስለዚህም መንገድ የጻፈው መጽሐፍ በአውሮጳ አገሮች ሁሉ የስኪን ነገር አሰማ። ደግሞ ሶንድሬ አገሩን ሲለቅ በሞርጌዳል ኡላቭ ቢዮላን የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ በዚያው ቍልቍለት አድጎ የስኪ አዋቂና እንጨት ጠራቢ ሆነ፤ በ1911 ዓመት በታኅሣሥ ወር ከሮአልድ አሙንድሰን ጋር በመጀመሪያ ወደ ምድር ደቡብ ዋልታ ከደረሱት ከ5ቱ ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። ከመንገዱ በፊት የጭነቱን ተንሸራታች ጋሪዎች እየላገ አቅልሏቸው ነበር። ሞርጌዳል ትንሽ ሸለቆ ናት፤ የእጅ ጥበብ የለመዱ ልጆችዋ ግን የምድርን ጫፍ ረገጡ።

በ1924 ዓመት በፈረንሳይ አገር በሻሞኒ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታ ተደረገ። በ1936 ዓመትም በጀርመን አገር በጋርሚሽ ፓርተንኪርሽን በተደረገው ጨዋታ የቍልቍለት ሩጫና ስላሎም ለመጀመሪያ ጊዜ ገቡ። እነሆ፥ የሞርጌዳል ልጆች ያወጡት ቃል በመንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተጠራ።

በ1952 ዓመት ጨዋታው በኦስሎ እንዲደረግ በተወሰነ ጊዜ ኖርዌያውያን የጨዋታውን ችቦ ከየት እናብራ ብለው መከሩ። ያበሩትም ከቤተ መንግሥት ወይም ከትልቅ ከተማ አይደለም፤ ሶንድሬ ከተወለደባት ከኤቨርቦ ጎጆ ምድጃ አበሩት። 94 ሰዎች በስኪ እየተቀባበሉ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ኦስሎ አደረሱት፤ በመጨረሻም ችቦውን ተቀብሎ የገባው የፍሪትዮፍ ናንሰን የልጅ ልጅ ነበረ። በ1868 ዓመት ድኻው ጭሰኛ በሦስት ቀን የሄደበትን ጕዞ እሳቱ በክብር ደገመው። በ1960 ዓመትም በአሜሪካ በካሊፎርንያ ለተደረገው ጨዋታ እሳቱ ከዚያችው ምድጃ ተወሰደ።

በ1966 ዓመት ደግሞ በሰሜን ዳኮታ ባለው መቃብሩ ላይ መታሰቢያ ድንጋይ ቆመለት። ይህ ጥበብ እስከ እኛ አገር ሰዎች እንኳ ደርሷል፤ በ2006 ዓመት በጣሊያን አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ሮቤል ተክለማርያም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ፥ በሜዳ ላይ በሚደረገው የ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ሩጫ ተወዳደረ።

9ኛ፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ይህን ታሪክ ስታነቡ አንድ ነገር አስቡ። ሶንድሬ ስለ ክብር ደክሞ ቢሆን ኖሮ በከንቱ ደክሟል ማለት ነበረ፤ ክብሩ የመጣው እርሱ ሊያየው በማይችልበት ጊዜ ነውና። ስለ ገንዘብም ደክሞ ቢሆን በከንቱ በደከመ ነበር፤ ገንዘቡ አልመጣምና። ነገር ግን እርሱ ሥራውን ስለ ወደደ በትጋት ሠራ፤ ያገኘውንም ለታናናሾቹ ሰጠ። የሰጠውም ነገር ከድኽነቱም ከስደቱም ከመቃብሩም በላይ ዕድሜ አገኘ።

ጥበብ እንደ እህል አይደለም። እህል ለሌላ ሲሰጥ ከጎተራው ይጎድላል፤ ጥበብ ግን ለሌላ ሲሰጥ ይበዛል። ሶንድሬ የማሰሪያውን ምስጢር ይዞ ወደ መቃብር ወርዶ ቢሆን በረዶው ከእርሱ ጋር ይሸፍነው ነበር። ለመንደሩ ልጆች ስለ ሰጠው ግን ልጆቹ ባሕር አሻገሩት፥ የልጅ ልጆቹም ችቦ አበሩለት።

ስለዚህ ከእናንተ ፊደል የለየ ያልለየውን ያስተምር። መስፋት የምታውቅ፥ መፍተልም የምታውቅ ታናሽዋን ታሳይ። የእጃችሁ ሥራ ትንሽ ቢመስላችሁም አትናቁት፤ ሰውም ቢንቀው አትተዉት። ሶንድሬ ከአባቱ አንዳች መሬት አልወረሰም፤ ዛሬ ግን በረዶ ባለበት አገር ሁሉ፥ ጕልበቱን ሸብረክ አድርጎ ቍልቍለት የሚወርድ ልጅ ሁሉ የእርሱ ወራሽ ነው።